ሦስት ጠያቂ ብቻ

ልብስ ሰፊው የሞተው ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ በእስር ቤቱ የምግብ መስኮት ሥር ነው። ለታሰረው ታናሽ ወንድሙ ካመጣው ምሳ ዕቃ እንደ ደንቡ አንድ ማንኪያ ሩዝ ቀመሰ። የመስኮቱ ኃላፊ ምግቡን ተቀብሎ ወደ ውስጥ አሳለፈ። ልብስ ሰፊው ከመስኮቱ የተሰጠውን ቁጥር ይዞ ወደ ቀጣዩ ቢሮ ሊያመራ ሲል አፉ አረፋ ደፈቀ፣ ጉልበቱ ከዳው፣ ወደቀ። የክሊኒኩ ሐኪም እየሮጠ ሲደርስ የቀረለት ሥራ ዓይኑን መክደን ብቻ ነበር።

መርማሪዋ አራት ሰዓት ሳይሞላ ደረሰች። ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ ደቃቁን አሳልፋ እንክርዳዱን ታስቀራለች ለማለት ነው። እሷ ግን፣ «ስሙ የወጣልኝ ቁጭ ማለት ስለማልችል ነው፤ ወንፊት ካልተነቀነቀ ምን ይሠራል?» ትላለች። እውነቷን ነው። ወንበር ሲሰጧት ቦርሳዋን ታስቀምጥበታለች እንጂ ራሷ አትቀመጥበትም።

ያን ዕለት ደግሞ የሚያስቀምጥ ነገር አልነበረም። ከውጭው በር ወዲያ ሁለት መቶ የሚሆን ሕዝብ ጥየቃው መቋረጡን ሰምቶ የብረቱን በር በመዳፉ ይደበድባል። አዛዡ በስልክ ቁርጡን ነግረዋታል፤ እስከ ስምንት ሰዓት ነገሩ ካልጠራ የዛሬው ጥየቃ ይሰረዛል። ለሌላው የአንድ ሳምንት ጉዳይ ነው። የሟቹ ወንድም ግን ነገ ጎህ ሲቀድ የሁለት ቀን መንገድ ወደሚርቅ እስር ቤት ይዛወራል።

የመስኮቱ ኃላፊ ሃምሳ አለቃ ነው፤ የጥየቃን ደንብ እንደ ማባዣ ሠንጠረዥ በቃሉ የሚወጣ፣ ሸሚዙ ላይ እጥፋት የማይታይበት ሰው።

«ሦስት ሰዎች ምዝገባ ክፍል አስቀምጫለሁ» አላት እየተከተላት። «የእስረኛው ሚስት አለች። የእስረኛው ባልንጀራ የሆነ የጭነት መኪና ሾፌር አለ። ከውጭ ሰልፍ ላይ ደግሞ እንጀራ እናትየዋን አስገብቻለሁ፤ ምግቡን የሠሩት እሳቸው ናቸው። ጊዜ ልቆጥብልዎት ብዬ ነው እንጂ፣ ነገሩ ያለቀ ነው።»

«ጊዜዬን ከቆጠብክልኝ ምን ልሠራ መጣሁ?»

ምዝገባ ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ሁለት አግዳሚ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ በትልልቅ ፊደል የተጻፈ ደንብ። አሮጊቷ ጥግ ላይ ኩርምት ብላለች። ለሁለት ዓመት በየረቡዑ የውጭው በር ድረስ መጥታ ስትመለስ ኖራ፣ ዛሬ ገና በሩን አለፈች፤ ያስገባት ግን ጥርጣሬ ነው። የእስረኛው ሚስት፣ የልብስ ንጽህና ቤት ሠራተኛ፣ እጆቿ በሳሙና የነጡ ወጣት ሴት፣ አጠገቧ ቆማለች። ሾፌሩ ትከሻው ሰፊ ነው፤ በአውራ ጣቱ የመኪና ቁልፍ ያሽከረክራል።

«ምግቡ አሁን የት አለ?» አለች መርማሪዋ።

«ገብቷል» አለ ሃምሳ አለቃው። «ሟቹ የወደቀው ካሳለፍኩት በኋላ ነው። እስካሁን እስረኛው በልቶት ይሆናል።»

አሮጊቷ እሪ ብላ ከአግዳሚው ተነሣች። ሚስትየው ወደ ውስጠኛው በር ሮጣ በሩን በቡጢ ትደበድብ ጀመር። ሾፌሩ ቁልፉን ኪሱ ከቶ አሮጊቷን በሁለት እጁ ደገፋት።

«አይዞሽ እማማ፣ እሱ ምንም አይሆንም። እመኚኝ፣ ምንም አይሆንም» እያለ መልሶ አስቀመጣት።

መርማሪዋ ይህን ሰምታ ሳትጨርስ ሮጠች።

እስረኛው ሙያው መካኒክ ነው። ከጥየቃው ቦታ ጀርባ ባለው ክፍል ከእስር ጓደኛው ጋር ተቀምጦ አገኘችው። ምሳ ዕቃው ባዶ ነው። ሁለቱም ጣታቸውን ይልሳሉ። ከበሉ አንድ ሰዓት ሊሆናቸው ነው፣ ሁለቱም እንደ ብረት ናቸው።

«ወንድሜ ምነው ዘገየ?» አላት መካኒኩ። «ሰልፉ ረዝሞ ነው?»

ውሸት ይቀላት ነበር። ግን አልወደደችም፤ መልስ ሳትሰጥ ሌላ ጠየቀች።

«በምን በላችሁት?»

«በእጃችን ነዋ። ማንኪያ መግባት ከተከለከለ ይኸው ሳምንቱ።»

ተመልሳ በቀጥታ ወደ ምግብ መስኮቱ ሄደች። የመስኮቱ መደብ ላይ አንድ ትልቅ ቆርቆሮ አለ፤ ከውስጡ ማንኪያዎች፣ በየአንገታቸው ቁጥር ታስሮባቸዋል። ከመስኮቱ በላይ በእጅ የተጻፈ ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ «የብረት ማንኪያ አይገባም። ጠያቂ በማንኪያው ከቀመሰ በኋላ እዚሁ ያስቀምጥ።»

«ይህ መቼ ተለጠፈ?»

«ባለፈው ረቡዕ ጠዋት» አለ ሃምሳ አለቃው። «አንዱ እስረኛ ማንኪያ ስሎ ሰው ወጋ። የዚያኑ ዕለት ትእዛዝ ወጣ።»

«ከውጭው በር ላይስ ለጥፋችኋል?»

«የለም። የሚመለከተው የሚገቡትን ነው፤ የማይገባ ሰው ምን ያደርግለታል?»

«ባለፈው ረቡዕ ለዚህ እስረኛ ማን ገባ?»

መዝገቡን ገለጠ። «ሟቹና ሾፌሩ። ያን ዕለት የገቡት ሁለቱ ብቻ ናቸው። እንዲያውም ሟቹ ያን ዕለት ማንኪያውን ረስቶት ሄደ፤ ይኸው እስካሁን አለ።» አንድ አሮጌ ማንኪያ ከቆርቆሮው መዘዘ። ቀጥሎ የዛሬውን፣ አርባ አንድ ቁጥር የታሰረበትን አሳያት። አዲስ ነው። እጀታው ላይ በሚስማር ስም ተጭሮበታል። የጎድጓዳው ጀርባ ላይ፣ ሩዝ ያልሆነ ነጭ ነገር ደርቆ ተጣብቋል። ሐኪሙን አስጠራች። እሱም አሽትቶ ፊቱን አዞረ።

«የተባይ መድኃኒት ነው» አለ። «በጣፋጭ ነገር አጣብቀውታል። ይህን ያህል ከሆነ ፈረስም አይተርፍ።»

«ከሟቹ ሌላ ይህን ማንኪያ የነካው ሰው አለ?»

«ያለ ቁጥሩ ለማንም አልሰጥም» አለ ሃምሳ አለቃው፣ ተሰድቦ እንደሆነ ሁሉ። «ሾፌሩ ሦስቴ መጥቶ 'የሟቹን ዕቃ ስጡኝ፣ ኮቱንም ለቤተሰብ ልውሰድ' ብሎኛል። ቁጥሩ ግን በሟቹ መዳፍ ውስጥ ነበር። ደንብ ደንብ ነው አልኩት።»

«የተባረክ!» አለች መርማሪዋ። ሃምሳ አለቃው ለምን እንደተመረቀ አልገባውም።

መጀመሪያ አሮጊቷን ለብቻዋ አነጋገረቻት። አሮጊቷ እስረኛው ደህና መሆኑን ሰምታ ትንፋሿ ተመልሷል፤ የትልቁ ልጅ ሞት ግን ገና እየገባት ነው፣ ዓይኗ አንድ ቦታ አይቆምም።

«ያሳደጓቸው እርስዎ ነዎት?»

«ትልቁን በዘጠኝ ዓመቱ፣ ትንሹን በሦስት ዓመቱ ነው የተረከብኳቸው። አባታቸው ሲሞት ሁለቱንም ይዤ ቀረሁ። ያን ጊዜ ወረቀት አምጪ ያለኝ የለም። እዚህ መጥቼ ግን 'እናት ለመሆንዎ ሰነድ' ይሉኛል። ከአባታቸው ጋር በወረቀት አልተጋባን፣ ከየት ላምጣ? ሰነዴማ እዚያ ውስጥ ታስሮ ተቀምጧል!»

«ዛሬ ጠዋት ሰልፍ ላይ ከሟቹ ጋር ተጣልተዋል አሉ።»

«ተጣልቻለሁ። 'ነገ ሊሄድብኝ ነው፣ ምናለ አንድ ቀን ብታስገባኝ' አልኩት። 'ደንቡ ነው እንጂ እኔ ነኝ?' አለኝ። ተናደድኩና 'ቦታ የሚለቀቀው በሞት ብቻ ከሆነ ሞታችሁን እንጠብቃለን' አልኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሕዝብ ሁሉ ሰምቶኛል።» አፏን በመዳፏ መታችው። «ምነው ምላሴን በቆረጠው!»

«ማንኪያው አዲስ ነው?»

«ትናንት ገዛሁት። የባለፈው ሳይመለስ ቀረ፤ ከባዶው ዕቃ ጋር ነበር ሁልጊዜ የሚመጣው። እስረኛ ወስዶበት ነው ብዬ በዚህኛው ላይ ስሙን ጫርኩበት። ልጄ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያለ ማንኪያ ሩዝ አይበላልኝም።» የመርማሪዋን እጅጌ ያዘች። «የፈለግሽውን አድርጊኝ፣ እሰሪኝ። ብቻ ሳይሄድ አንዴ ልየው። ሰባ ዓመቴ ነው፤ የሁለት ቀን መንገድ ሄጄ አልጠይቀውም። ዛሬ ካላየሁት አላየውም ማለት ነው።»

መርማሪዋ እጇን በአሮጊቷ እጅ ላይ ጫነች።

ሚስትየው ቁጣዋ ከዕንባዋ ይቀድማል።

«ባለፈው ረቡዕ ፈረቃዬ ነበር፣ አልመጣሁም» አለች። «ዛሬ የመጣሁት ልሰናበተው ነው። ሃምሳ አለቃው ማንኪያውን ሲያስቀር 'በምን ሊበላ ነው?' ብዬ ተጨቃጭቄዋለሁ፣ ይጠየቅ።»

«ምሳ ዕቃውን ማን ማን ያዘው?»

«ሁላችንም። እማማ ጠቅልላ ሰጠችን። በሾፌሩ መኪና ነው የመጣነው፤ እኔና እማማ ከኋላ፣ እነሱ ጋቢና። የባሌ ወንድም መንገድ ላይ ሱቁን ለሠራተኛው ሊከፍት ሲወርድ ዕቃው ከሾፌሩ ጋር ቀረ። ሰልፍ ላይ ደግሞ እኔ ይዤው ነበር። እኔን ነው እንዴ የምትጠረጥሪው?»

«ሥራዬ ነው እህቴ። ባልሽ ለምን ታሰረ?»

«ሰው ገጭቶ አመለጠ ተብሎ፤ ሰባት ዓመት። ራሱ አመነ። መኪናው የሾፌሩ ነው፤ ያን ቀን ግን ሾፌሩ 'እረፍት ላይ ነበርኩ፣ መኪናው ጋራዥ ነበር' አለ። ባሌ 'ስሞክረው ነው የገጨሁ' አለ።» ድምጿ ዝቅ አለ። «መንጃ ፈቃድ እንኳ የለው፣ ጋራዥ በር ድረስ ለመንዳት የሚፈራ ሰው ነው።»

ሾፌሩ ሳይጠየቅ ይናገራል።

«እኔ ሰው መክሰስ አልወድም» አለ። «ግን እውነት እውነት ነው። እማማ ቦታ ፈልጋ ነበር። ደንቡን ያንብቡት፤ ጠያቂ ሲሞት ቦታ ይለቀቃል። ስትናገርም ሰልፉ ሁሉ ሰምቷል። ሟቹ ወንድሜ ማለት ነበር። ጃኬቴ ሲቀደድ የሚሰፋልኝ እሱ ነው። ሰሞኑንም አንዱን ሰፍቶልኛል።»

«ወዳጆች ነበራችሁ ማለት ነው?»

«እንዴታ!»

የሟቹ አስከሬን ክሊኒክ ውስጥ ተኝቷል። መርማሪዋ ኪሶቹን ፈተሸች፤ መሐረብና የሱቅ ቁልፍ ብቻ። ኮቱን አገላበጠች። የባለሙያ ሥራ ነው፣ ስፌቱ ከሩቅ አይታይም። ከግራ ብብቱ በታች ግን ገበሩ ላይ አንድ ስንዝር የሚሆን ቦታ በረጃጅም የእጅ ስፌት ተይዟል። ልብስ ሰፊ የራሱን ኮት እንዲህ አድርጎ የሚሰፋው ቶሎ ሊፈታው ሲፈልግ ነው። ከሐኪሙ ምላጭ ተቀብላ ፈታችው፤ የታጠፉ ሁለት ወረቀቶች ወጡ። ቆማ አነበበቻቸው። ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትንቀሳቀስ ቆየች።

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉንም ምዝገባ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሃምሳ አለቃው በሩ ላይ ቆመ። ሐኪሙም መጣ። ከውጭ የበሩ ድብደባ ብሶበታል። መርማሪዋ ከግድግዳ ግድግዳ እየተመላለሰች ጀመረች።

«መርዙ ምግቡ ውስጥ አልነበረም። ሁለት እስረኞች ጨርሰው በልተው ጣታቸውን ልሰዋል። የሟቹን አፍ ነክቶ የእነሱን ያልነካው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማንኪያው። ስለዚህ ገዳዩ የፈለገው ልብስ ሰፊውን ነው፤ ሁልጊዜ የሚቀምሰው እሱ ነውና።»

«እሱማ ግልጽ ነው» አለ ሃምሳ አለቃው። «ቦታው ይለቀቃላ።»

«ና፣ ደንቡን አንብብልኝ። ጮክ በል።»

ሃምሳ አለቃው ግድግዳውን ሳያይ ወጣው። «ለአንድ እስረኛ ሦስት ጠያቂ ብቻ። ሁለቱ በሰነድ የተረጋገጠ ዝምድና ያላቸው፣ አንዱ ወዳጅ...»

«በቃ። ልብስ ሰፊው በየትኛው ቦታ ነው የተመዘገበው?»

«በዝምድና።» አፉን ከፍቶ ቀረ።

«በዝምድና! ለዚያ ቦታ ሰነድ ያስፈልጋል። እሳቸውን ለሁለት ዓመት ሰነድ አምጪ እያልክ የመለስካቸው አንተ ራስህ ነህ። ልብስ ሰፊው አሥር ጊዜ ቢሞት እሳቸው አይገቡም። ይህን ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ ሰው የለም። ያለ ሰነድ ሊገቡ የሚችሉበት ቦታ የወዳጅ ቦታ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ የማን ነው?»

ሁሉም ወደ ሾፌሩ ዞሩ። መልሶ በጣቱ ያሽከረክረው የነበረው ቁልፍ ቆመ።

«ሌላም አለ» አለች መርማሪዋ። «ማንኪያ እንደማይገባ እሳቸው አያውቁም ነበር። ማስታወቂያው ከውስጥ ነው የተለጠፈው፤ እሳቸው ደግሞ ከውጭ ናቸው። የባለፈው ማንኪያ እዚህ ተረስቶ ስለቀረ ከቤትም ወሬው አልደረሰም። ልጃቸው በአፉ የሚከተው መስሏቸው ስሙን በሚስማር የጫሩበትን ማንኪያ መርዝ ይቀቡታል? ሚስቱም ባለፈው ረቡዕ አልመጣችም፤ ዛሬ መስኮቱ ላይ ተጨቃጭቃለች። ማንኪያው ከመስኮቱ እንደማያልፍ፣ መርዙም ከቀማሹ እንደማያልፍ ያወቁት ባለፈው ረቡዕ የገቡት ሁለቱ ብቻ ናቸው። አንደኛው ሞቷል።»

«ይህ ግምት ነው!» አለ ሾፌሩ።

«ጠዋት ምግቡ ገብቷል ሲባል እናትየው እሪ አሉ፤ ሚስቱ በር ደበደበች። የልብ ወዳጁ የሆንከው አንተ ግን አልደነገጥክም። 'እመኚኝ፣ ምንም አይሆንም' አልክ። እኔ መርማሪዋ ሰውየው መትረፉን ለማየት በሩጫ ስሄድ፣ አንተ ከየት አውቀህ አጽናናህ?»

«ላጽናናት ብዬ ነው! ሰው ያጽናናል!»

«መኪናህ ውስጥ ከወንበሩ ሥር የተባይ መድኃኒት አግኝተናል።»

«እህል ነው የምጭነው! የማንም ሾፌር መኪና ውስጥ አለ!»

«ልክ ነህ፣ እሱ ብቻውን አይበቃኝም ነበር።» የመጀመሪያውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። «ይህን ግን የማንም ሾፌር አልፈረመውም። የስምሪት ወረቀት ነው። ሰውየው በተገጨበት ቀን መኪናውን ከግቢ ያወጣኸው አንተ ነህ፤ ሰዓቱም ፊርማህም አለ። የተቀደደ ኪስህ አሾልኮት የጃኬትህ ገበር ውስጥ ገብቶ ኖሯል። ጃኬትህን ደግሞ ለማን እንዲሰፋ እንደሰጠኸው ነግረኸኛል።»

ሚስትየው ወረቀቱን አየች፣ ሾፌሩን አየች። «ቤቴ እየመጣህ ዳቦ ስትቆርስ!» አለች።

«ባለፈው ረቡዕ ልብስ ሰፊው ከዚህ ቢሮ የተቃውሞ ቅጽ፣ አንድን ጠያቂ ከዝርዝር ለማሰረዝ የሚሞላውን፣ ወሰደ። ሃምሳ አለቃ፣ ሲወስድ ማን አጠገቡ ነበር?»

«ሾፌሩ» አለ ሃምሳ አለቃው ቀስ ብሎ። «'ለማን ነው?' ብሎ ሲጠይቀው ሰምቻለሁ። ሟቹም 'በክሱ ውስጥ እጁ ላለበት ሰው' አለው።»

«ቅጹ የሚገባው ከምግብ መስኮቱ ቀጥሎ ባለው ቢሮ ነው። ስለዚህ ሟቹ ከመስኮቱ ማለፍ አልነበረበትም። ካለፈ፣ አንተ ከዝርዝሩ ትወጣለህ። ከወጣህ፣ በየረቡዑ እፊቱ ተቀምጠህ ዝም የምታሰኘው ሰው ያለ አንተ ይቀራል፤ ነገሩ ሁሉ ይወጣል።»

ሾፌሩ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።

«ሦስት ልጆች አሉኝ» አለ። «እሱ ልጅ የለውም። ጥፋቱን ውሰድልኝ፣ በዓመት ትወጣለህ ብዬው ነበር፤ ጠበቃውም እንደዚያ ነበር ያለው። ሰባት ይፈርዳሉ ብዬ መቼ አሰብኩ? ትልቁን ለመንኩት፣ ዝም በል ብዬ ለመንኩት...»

«ዝም አሰኘኸው» አለች አሮጊቷ። ድምጿ አልጮኸም። ሾፌሩ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

ከመርማሪዋ ጋር የመጡት ፖሊሶች ሲያወጡት ሃምሳ አለቃው መንገድ ለቀቀ። ሰዓቱ ስምንት ሊል ስድስት ደቂቃ ቀርቶታል። መርማሪዋ ሁለተኛውን ወረቀት አውጥታ ሰጠችው፤ ልብስ ሰፊው በንጹሕ የእጅ ጽሕፈት የሞላው የተቃውሞ ቅጽ ነው። «በሚሰረዘው ምትክ የሚገባ» በሚለው መስመር ላይ የአሮጊቷ ስም ሰፍሯል።

«እንደዚህ አስቦልኝ ነበር?» አለች አሮጊቷ። «ታዲያ ለምን አልነገረኝም? ለምን ስሰድበው ዝም አለኝ?»

«ካልተሳካ እንዳያሳዝንዎት ይሆናል» አለች መርማሪዋ። እውነቱን አታውቅም፤ እንዲህ ይሆናል ብላ ግን አመነች።

ሃምሳ አለቃው ቅጹን ሁለቴ አነበበ። «ተቃውሞ በኮሚቴ ታይቶ ነው የሚጸድቀው፤ አንድ ወር ይፈጃል» አለ።

«ሃምሳ አለቃ!» አለች መርማሪዋ።

«ልጨርስ እንጂ። አንቀጽ አሥራ አንድ፣ ጠያቂ ራሱ በወንጀል ከተያዘ ስሙ በዚያው ቀን ይሰረዛል። አሁን ተይዟል፣ ስለዚህ የወዳጅ ቦታው ክፍት ነው። ሰነድም አይጠይቅም።» ብዕሩን አነሣ፣ ቆመ። «እዚህ ላይ ግን 'ወዳጅ' ማለት ሲገባው 'እናታችን' ብሎ ጽፏል።»

«ወዳጅ በለኝ» አለች አሮጊቷ። «የፈለግከውን በለኝ፣ ብቻ ልግባ።»

ሃምሳ አለቃው ብዕሩን አስቀመጠ። ቃሉን ሳይነካው ማኅተሙን መታበት፤ ወጥቶም የውስጠኛውን በር ራሱ ከፈተላት።

መርማሪዋ እስከ ጥየቃው ክፍል ሸኘቻት። መካኒኩ ገና ምንም አልሰማም፤ ማንም ሊነግረው አልደፈረም። የበሩን ድምፅ ሰምቶ ሲዞር አሮጊቷን አየ። ወንበሩን ገፍትሮ ተነሣ፣ ፊቱ በሙሉ ሳቅ ሆነ።

«እማዬ! እንዴት አስገቡሽ? ወንድሜ ነው አይደል? አውቄዋለሁ፣ ሰሞኑን አንድ ነገር ደብቆ ይስቅብኝ ነበር። የት አለ እሱ?»

አሮጊቷ ሁለት እጁን ያዘች።

«ቁጭ በል ልጄ» አለችው። «መጀመሪያ ቁጭ በል።»